የእትዬ ካታሎግ አንድ ክሬዲት

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሁለት ካታሎጎች ነበሩ። አንደኛው በየሁለት ዓመቱ የሚታተመው፣ የኮርሶች ሁሉ ስም፣ ክሬዲትና ቅደም ተከተል የሰፈረበት ወፍራም መጽሐፍ ነው። ሁለተኛዋ ከቤተ መጻሕፍቱ የውሰት ጠረጴዛ ኋላ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትቀመጠው ሴት ናት። ተማሪዎቹ መጽሐፉን ትተው እሷን ነበር የሚያገላብጡት። «መጽሐፉ ሲጠይቁት ዝም ይላል፤ እትዬ ካታሎግ ግን ተቆጥታም ቢሆን ትመልሳለች» ይባባላሉ።

ሃያ ሁለት ዓመት እዚያች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። በተመለሱ መጻሕፍት ውስጥ ያላገኘችው ነገር የለም፤ የአውቶቡስ ትኬት፣ የደረቀ ቅጠል፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ፣ አንዴ ደግሞ «ይቅርታ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ያለበት ደብዳቤ። ደብዳቤውን አልጣለችውም። ምናልባት ባለቤቱ ይመጣ ይሆናል ብላ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠችው። ዘጠኝ ዓመት አለፈው፤ ይቅርታው አሁንም ባለቤቱን ይጠብቃል።

ተማሪ መጽሐፍ ሊዋስ ይመጣና ዕቅድ ይዞ ይሄዳል። የምዝገባ ሰሞን ሲሆን ደግሞ የውሰቱ ሰልፍ የትኛው፣ የምክሩ ሰልፍ የትኛው እንደሆነ አይለይም። እትዬ ካታሎግ የምዝገባ ወረቀቱን ትቀበልና ከላይ እስከ ታች በጣቷ ትወርደዋለች።

«ሰባት ኮርስ?»

«ቶሎ ልጨርስ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ሰባት ኮርስ የወሰደ ሰው ቶሎ አይጨርስም፣ ልጄ። ቶሎ ያልቃል እንጂ።»

ሰልፉ ይስቃል፤ ልጁም ይስቃል። ሁለት ኮርስ ሰርዞ ሲመለስ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ታወጣለች። አሠራሯ አንድ ነው፤ ከመጨረሻው መጀመር። የምረቃውን ሴሚስተር ከታች በቀኝ በኩል ታስቀምጥና ወደ ኋላ ትራመዳለች። ይሄን ለመውሰድ ያኛው ይቀድማል፤ ያኛውን ለመውሰድ ደግሞ ሌላኛው። እንደዚያ እያለች የአሁኗ ዕለት ላይ ትደርሳለች። «ሰው ከመነሻው ሲያቅድ ምኞቱን ያቅዳል፤ ከመድረሻው ሲያቅድ ግን መንገዱን ያያል» ትላለች። የማይገባው ከሆነ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብላ ታሳጥርለታለች። አንድ ኮርስ ባለቀ ቁጥር ተማሪው ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፤ እሷም ሳጥኑን በአረንጓዴ እርሳስ ትቀባለታለች። ይህን በተመለከተ ሕግ አላት፤ ለማንም አይጣስም።

«ግሬዱን በዓይኔ ሳላይ አልቀባም።»

«ኧረ እትዬ፣ መምህሩ ራሱ አልፈሃል ብሎኛል!»

«ብሏል መባልን በምን ቀለም ይቀቡታል?»

እንዲህ ያለች ሴት የራሷ ወረቀት ነበራት። ከመሳቢያው ሥር ከይቅርታው ደብዳቤ ጎን ታጥፎ የሚቀመጥ፣ እጥፋቱ በማጣበቂያ የተጠገነ፣ ጠርዙ እንደ ጨርቅ የለሰለሰ ወረቀት። በወጣትነቷ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለች እናቷ አልጋ ያዙና ትምህርቱን ጥላ ወጣች። እናቷን አስታመመች፣ ቀበረች፣ አገባች፣ ወለደች፤ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲው በሠራተኛ በር ተመለሰች። አሥር ዓመት የሰው ልጅ ሲመረቅ አየች። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ለሰው የምትሠራውን ዕቅድ ለራሷ ሠራችና በማታው ፕሮግራም ጂኦግራፊ ለመማር እንደ አዲስ ተመዘገበች። በሴሚስተር አንድ ኮርስ፣ ሲመቻት ሁለት። አሥራ ሁለት ዓመት! ወረቀቱ ሳጥን በሳጥን እየለመለመ መጣ። አሁን የቀሯት ሁለት ሳጥኖች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱንም በዚህ ሴሚስተር ይዛቸዋለች። ሴሚስተሩ ሲያልቅ መስኩ በሙሉ አረንጓዴ ይሆናል።

በምዝገባው የመጨረሻ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ለምረቃ ማጣሪያ ወደ ሬጅስትራር ሄደች። መስኮት ሦስት ላይ የተቀመጠው ሰውዬ የዱሮ ባልደረባዋ ነው፤ ተረትና ምሳሌ ሳይቀላቅል ቀኑን እንኳ አይናገርም። ፋይሏን በኮምፒዩተሩ ከፍቶ ወደ ላይ ወደ ታች አለ፤ ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«አንድ ክሬዲት ይቀርሻል።»

«የያዝኳቸውን ሁለቱን ቆጥረህ?»

«እነሱን ቆጥሬ። ከእነሱ ሌላ።»

«የምን ክሬዲት?»

ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ። «የቤተ መጻሕፍት አጠቃቀም።»

እትዬ ካታሎግ ሳቀች። ከኋላዋ የተሰለፉት ተማሪዎችም የሰሙትን ተቀባብለው ሳቁ። ያልሳቀው መስኮት ሦስት ብቻ ነበር።

«እስቲ ድገምና እየው።»

«ባልደግመው ይሻልሻል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።»

ደገመው። ዘንዶው ያው ነበር። የመጀመሪያ ዓመት፣ የመጀመሪያ ሴሚስተር፣ ባለ አንድ ክሬዲት ኮርስ፤ በግሬዱ ቦታ ባዶ። ያኔ ነው ትዝ ያላት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በዚሁ መስኮት የነበሩት፣ አሁን ጡረታ የወጡት አዛውንት፣ «አንቺ እዚያው የምትውዪ ሰው ደግሞ ምኑን ልትማሪው ነው? እለፊው፤ እኔ እጽፍልሻለሁ» ብለዋት ነበር። እሷም አመስግና ተመለሰችና ሳጥኑን አረንጓዴ ቀባችው። ግሬዱን ሳታይ!

«ያልጠረጠረ…» አለ መስኮት ሦስት፤ ፊቷን ሲያይ ግን «ተመነጠረ»ን ዋጠው። ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «ነገሩ እንዲህ ነው፣ ካታሎግ። የድሮው ሥርዓተ ትምህርት በዚህ ዓመት ይዘጋል። ዘንድሮ ካልጨረስሽ በአዲሱ ነው የምትታዪው፤ በአዲሱ ደግሞ አሥራ አንድ ኮርስ ይጨመርብሻል። ይሄ ኮርስ የሚሰጠው በአንደኛው ሴሚስተር ብቻ ነው። ምዝገባው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። ክፍሉም ሞልቷል፤ መምህሩ ካልፈረመልሽ አልመዘግብሽም።»

አሥራ አንድ ኮርስ በእሷ እርምጃ ሌላ አምስት ዓመት ነው። ለስንቱ ተማሪ ያሰላችውን ስሌት ለራሷም አሰላች። ዓይን ሁሉን ያያል፤ ራሱን ግን አያይም።

በቀጥታ ወደ ኮርሱ መምህር ቢሮ ሄደች። መምህሩ ወጣት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለ፣ ሁለት ኮርስ ወድቆ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲል፣ የተዋሰውን መጽሐፍ ለመመለስ ብቻ ጠረጴዛዋ ጋ ቆሞ ነበር። እትዬ ካታሎግ መጽሐፉን ሳትቀበል ወረቀት አወጣች። ያቺን ወረቀት አሁንም ቢሮው ግድግዳ ላይ በመስታወት ሰቅሏታል። የመጣችበትን ስትነግረው ከወንበሩ ተነሣ።

«እርስዎ? የቤተ መጻሕፍት አጠቃቀም? ይሄማ ቀልድ ነው! ስምዎትን እሞላለሁ፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ኤ እሰጥዎታለሁ። መምጣትም አያስፈልግዎትም።»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወረቀት አየችው። ሳጥኖቹ ሁሉ በእጇ የተቀቡ ናቸው፤ የወደቀባቸው ሁለቱ ኮርሶች ደግሞ በድጋሚ ወስዶ እስኪያልፋቸው ድረስ ነጭ ሆነው ቆይተው ነበር።

«እዚህ ጉድ ውስጥ የከተተኝ እንዲህ ያለ ደግነት ነው» አለችው። «አንተ ፈርም ብቻ። እኔ እማራለሁ።»

ቤቷ ስትደርስ ባሏ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ አያት። ልብስ ሰፊ ነው፤ የምረቃ ጋዋን በያመቱ ለዩኒቨርሲቲው የሚሰፋው እሱ ነው። የሰው ልጆች ጋዋን በየመስቀያው ተደርድሯል፤ ከሁሉም ኋላ አንድ አለች። በእሷ ልክ ከስድስት ዓመት በፊት የተቆረጠች፣ ጠርዟ ያልተሰፋ። የሆነውን ስትተርክለት ሳቅና ንዴት ተናነቁት።

«ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሽበትን ቤት አጠቃቀሙን አታውቂም ነው የሚሉት?»

«እንግዲህ እንደዚያ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል ብለህ አልነበር ያስጀመርከኝ?»

«ብያለሁ፤ እንቁላሉማ ሄዷል! ሄዶ ሄዶ ጡረታ ሊወጣ ነው እንጂ!» ከዚያ ረጋ አለ። «የጋዋንሽን ጠርዝ ልስፋው ወይስ ልተወው?»

«ተወው» አለች። «ግሬዱ ይታይ።»

የኮርሱ ክፍል ራሱ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ረፋድ ላይ የውሰት ጠረጴዛውን ለባልደረባዋ ትታ ደብተሯን ይዛ ወጣች። ስትገባ ስድሳ ተማሪ ብድግ አለ።

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» አለች፤ «እኔም ልቀመጥ ነው የመጣሁት።»

ከኋላ አንዱ ለጓደኛው ሲያንሾካሹክ ሰማችው። «ልታስተምረን ነው?» ጓደኛው «ኧረ መጽሐፍ ያልመለሰ ካለ ልትይዘው ነው» አለው፤ ሁለቱም ቦርሳቸውን ወደ ወንበር ሥር ገፉት። መምህሩ ገብቶ ከፊት ወንበር ላይ ሲያያት ንግግሩ ተሰነካከለ። እሷ ግን እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ሰሌዳው ላይ ያለው አይታየኝም፤ ቢያተልቁልኝ» አለችው። «አንተ» ስትለው የኖረችው ልጅ «እርስዎ» ሲባል ጆሮው ድረስ ቀላ።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ላይ የመጣችው ሰዓቷን ለመቁጠር ነበር። የመደርደሪያ አቀማመጥ? እሷ ናት የደረደረችው። የውሰት ደንብ? እሷ ናት የምታስከብረው። የምትርቀው ከኮምፒዩተሩ ብቻ ነው። የመጻሕፍቱ መዝገብ ካርዶች ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጡ ከሁሉም በላይ የሠራችው እሷ ሆና ሳለ፣ ከዚያ በኋላ ፍለጋውን ነክታው አታውቅም። ለምን ትንካው? አርባ ሺህ መጽሐፍ ጭንቅላቷ ውስጥ አለ። ተማሪ መጥቶ «ኮምፒዩተሩ የለም ይላል» ሲላት፣ «እሱ ውሸታም ነው፤ ተከተለኝ» ብላ መደርደሪያው ድረስ ትወስደዋለች።

በአምስተኛው ሳምንት መምህሩ ስለ ፍለጋ ሲያስተምር አንድ ነገር ተናገረ።

«ኮምፒዩተር ዘመድ አያውቅም። ለእኛ ሃሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ድምፃቸው አንድ ነው። ለእሱ ግን ባዳ ናቸው። እሳቱ ሰ ያለውን ቃል በንጉሡ ሠ ብትጠይቁት፣ አላውቀውም ይላችኋል። ስለዚህ የለም ከማለታችሁ በፊት ፊደሎቹን ሁሉ አፈራርቁ። የለም ለማለትም መፈለግ ያስፈልጋል።»

እትዬ ካታሎግ ይህንን ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ ተማሪ ስለሆነች ነው እንጂ ይጠቅመኛል ብላ አልነበረም።

የመጨረሻው ፈተና የተግባር ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ ከሳጥን ውስጥ የተጠቀለሉ አምስት ወረቀቶች ያወጣል። በየወረቀቷ ከየትምህርት ክፍሉ የንባብ ዝርዝር የተወሰደ የአንድ መጽሐፍ ርእስ አለ። በኮምፒዩተር ፈልጎ ቁጥሩን ይጽፋል፤ መጽሐፉን አምጥቶ ያስረክባል። ሃያ ደቂቃ። አምስቱን ያላሟላ ለሚቀጥለው ዓመት ይደግማል። ለስድሳዎቹ የሚቀጥለው ዓመት አለ። ለእሷ የለም።

ወረቀቶቿን ፈታች። አራቱን እንዳየቻቸው እግሯ ቀደማት። የአፈሩ መጽሐፍ ሁለተኛ ፎቅ፣ በመስኮቱ በኩል። የጂኦሜትሪው ከእሱ ማዶ። ሌሎቹ ሁለቱ ምድር ቤት። በስድስት ደቂቃ አራት መጽሐፍ ታቅፋ ተመለሰች፤ ተማሪዎቹ ገና የይለፍ ቃላቸውን እየጻፉ ነበር። አንዱ «ኧረ እናታችን በረረች!» አለ።

መምህሩ መጽሐፎቹን አየ፤ የመልስ ወረቀቷንም አየ። በጣም ዝግ ብሎ፣ «ቁጥሩስ፣ እትዬ? በኮምፒዩተር የተገኘው ቁጥር?» አላት።

ረስታዋለች። ተቀመጠች፤ በሁለት ጣቷ ፊደል በፊደል እየለቀመች አራቱን ፈለገች፤ ጻፈች። ከሃያው ደቂቃ አሥራ ሦስቱ ሄደ። ከዚያ አምስተኛዋን ወረቀት ከፈተቻት።

ስለ ኩሬ ዓሣ እርባታ የሚናገር መጽሐፍ ነበር። ይህን መጽሐፍ ታውቀዋለች፤ ይልቁንም አለመኖሩን ታውቀዋለች። ስምንት ዓመት ሆነው። በየዓመቱ የዓሣ ተማሪዎች መጥተው ይጠይቋታል፤ እሷም «ጠፍቷል፣ ልጄ» ትላቸዋለች። እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ይሄ መጽሐፍ ጠፍቷል። እኔ አውቃለሁ።»

መምህሩ ግንባሩን ዳሰሰ፤ ሌላ ዕጣ ቢያወጣላት ደስ ባለው ነበር፣ ከፊቱ ያስታውቃል። ግን ሌላው ተማሪ ሁሉ ያየዋል። «የለም ለማለትም…» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም።

«…መፈለግ ያስፈልጋል» ብላ እሷ ጨረሰችለት።

ዓሣ ብላ ጻፈች፤ በዐይኑ ዐ፣ በንጉሡ ሠ፣ እንደሚገባው። «አልተገኘም» አለ ኮምፒዩተሩ። «አየህ?» ልትል ነበር። ከዚያ ደብተሯ ትዝ አላት። ንጉሡን አንሥታ እሳቱን አስገባች። አልተገኘም። ዐይኑን በአልፋው ለወጠች፤ ንጉሡን መለሰች። አልተገኘም። አራት ደቂቃ ቀርቷታል። በአልፋው አ፣ በእሳቱ ሰ፤ አሳ።

ተገኘ።

ስክሪኑ ላይ ርእሱ ተንጣለለ። በስተቀኝ የሚገኝበት ቦታ፤ ምድር ቤት፣ የጥገና ክፍል፣ መደርደሪያ ሁለት። ከሥሩ ደግሞ መዝጋቢው ማን እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት አለ። ሁለት ፊደል። የራሷን ስም መነሻ ፊደሎች ለማወቅ መነጽር አላስፈለጋትም።

እሷ ናት። ካርዶቹ ሲገለበጡ፣ ሲመሽና እጇ ሲደክም፣ ለዓሣው ዓይን መስጠቱ ታክቷት፣ አሳ ብላ ያለፈችው እሷ ናት። ኮምፒዩተሩ አልዋሸም። የነገረችውን ነው የያዘው። ስንት ተማሪ በትክክል ጽፎ «የለም» ተብሎ ሄደ? በእነዚያ ሁለት ፊደሎች የተነሣ ስንቱን በአፏ «ጠፍቷል፣ ልጄ» ብላ ሸኘችው? ወንበሩ ላይ ደርቃ ቀረች፤ የቀረው ጊዜ ግን አልደረቀም።

«እትዬ፣ ሩጪ!» አለ አንዱ ከኋላ። አንቺ እንዳላት እሱም አላስተዋለ፣ እሷም አልታወቃት። ቁጥሩን ጫረችና ደረጃውን ወረደች። የጥገና ክፍሉ በር አይዘጋም። መደርደሪያ ሁለት ላይ፣ ማጣበቂያቸው ከደረቀ ዓመታት ያለፋቸው መጻሕፍት ጥግ ላይ፣ አንዱ ሰማያዊ ልባስ ለብሶ ቆሞ ነበር። ጀርባው ተጠግኗል፤ ተጠግኖ ተረስቷል። አቧራውን በእጅጌዋ ጠርጋ ደረጃውን ስትወጣ ጉልበቷ ይጮኻል፤ ከላይ ደግሞ ስድሳ ተማሪ ፈተናውን ረስቶ ይጮኻል። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ስታሳርፈው መምህሩ ሰዓቱን አየ።

«አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ» አለ።

«ዓሣን መብላት በብልሃት» አለች፤ ትንፋሿ አጥሮ። «እኔ ግን በሩጫ ሆነብኝ።»

ግሬድ እስኪለጠፍ አልጠበቀችም። በማግስቱ ኮምፒዩተሩ ፊት ለፊት ተጎልታ፣ በሁለት ጣቷ፣ የራሷን ፊደል የያዙትን መዝገቦች አንድ በአንድ ትከፍት ጀመር። ፀሐይን፣ ሠምን፣ ሐኪምን፣ ዐፈርን። በእያንዳንዱ ሥር አማራጭ አጻጻፎቹን ሁሉ ትጨምራለች። ባልደረባዋ፣ «ይሄ እኮ የዓመታት ሥራ ነው» ብትላት፣ «ከመጨረሻው ጀምሬያለሁ፤ ወደ ኋላ ነው የምሄደው» አለች።

ከሳምንት በኋላ የሦስቱም ኮርሶች ግሬድ በአንድ ቀን ወጣ። በቤተ መጻሕፍት አጠቃቀም ያገኘችው ቢ ነው። መምህሩ ሊያስረዳት መጣ፤ ቁጥሩን ሳትፈልግ መጽሐፍ በማንሣቷ ነጥብ ቀንሶባት ነበር።

«ይገባኛል» አለችው። «ኤ ብትሰጠኝ ኖሮ እጠረጥርህ ነበር።»

ያን ቀን ከሰዓት ወረቀቷን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደችና የባሏ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳጥኖች ቀባች። ከዚያ ወደ መጀመሪያዋ ትንሽ ሳጥን ተመለሰች። ከሬጅስትራር በመጣች ዕለት በላጲስ ፍቃት ነበር፤ የድሮው አረንጓዴ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፤ እንደ ደበዘዘ ሣር ነገር ቀርቷል። በላዩ ላይ ቀባችበት።

ባሏ በትከሻዋ በኩል አጮለቀ። የመስኩን ሁሉ አረንጓዴ ተመለከተና በጣቱ አንድ ቦታ ነካ።

«ይቺ ብቻ ለምን ጠቆረች?»

«ሁለት ጊዜ የተቀባች እሷ ብቻ ስለሆነች ነዋ» አለች። «አንዴ በወሬ፣ አንዴ በእውነት።»

እሱ ከመስቀያው ኋላ ያለችውን ጋዋን አውርዶ አቧራዋን አራገፈ፤ ክር በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ዓይኑን ጨፈን አደረገ። አልገባለትም። መነጽሯን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችው።